ጡብ የሆነው ኳስ

የድሮው ኳስ ተጫዋች ቱፋ መድፉ የጎሉን አግዳሚ በአንድ ምት ለሁለት ሰብሮታል። ይህን የሚለው ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ዘርጋው ነው፤ ያለውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ጨርቁን አንገቱ ላይ ካሰረ በኋላ ይጀምራል። ተቀማጩ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ስለሚቀረው ተነስቶ መሄድ አይችልም። "አግዳሚው ቋ ብሎ ለሁለት" ይላል፣ መቀሱን አየር ላይ እያንቋቋ። አንዳንድ ቀን አግዳሚው ለሦስት ይሰበራል። በዓል ሲደርስ ደግሞ በረኛውም አብሮ ይወድቃል።

ዛሬ በቀይ አፈር ከተማ ሰው ሁሉ የሚጠቅሳት አንዲት አባባል የተወለደችው ከዚህ ወሬ ነው። ሰርግ ላይ ሙሽራው ሲሞገስ ድንኳን የተከሉትና ውሃ የቀዱት ሲረሱ፣ አንድ ሰው ከጥግ ሆኖ ጣል ያደርጋታል። ስብሰባ ላይ ለሊቀ መንበሩ ሲጨበጨብ፣ ሥራውን የሠራችው ጸሐፊ ለራሷ ታጉተመትማታለች። ከየት መጣች ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ያሻውን ይመልሳል። አንዱ የጥንት ናት ይላል፤ ሌላው ከአጎቴ አፍ ነው የወጣችው ይላል። አጎቱን አውቀዋለሁ፤ ከአፉ ከጥርስ መፋቂያ በቀር የረባ ነገር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እኔ እዚያው ነበርኩ። የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት እስከ ዛሬ ጠማማ ናት፤ ማስረጃ የሚፈልግ መጥቶ ይያት።

ሰፈራችን ጡብ ሰፈር ይባላል። ስሙ ከሥራው ነው የመጣው። ሸክላ አፈር ጉድጓድ ውስጥ በውሃና በገለባ ይቦካል፤ የሚያቦካው ደግሞ እጅ ሳይሆን እግር ነው። ጠዋት ጠዋት ወንድ ሴት ሳይባል ሱሪና ቀሚስ ተሰብስቦ ጉድጓድ ይገባል፣ ይረገጣል። ጭቃው ደርሶ እንደሆነ የሚታወቀው በተረከዝ ነው። ረጋጩ በሙሉ ክብደቱ ተረከዙን ይተክልና እግሩን ያነሳል፤ ከዚያ ሽማግሌው አባባ ኩምሳ ጎንበስ ብለው አሻራውን ያያሉ። ጠርዙ ከተናደ ውሃ በዝቶበታል፣ ከተሰነጠቀ ውሃ አንሶታል። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከቆመ "ደርሷል" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃው ወደ ቅርጽ ይገባል። እሳቸው ሳያዩት ጡብ የሆነ ጭቃ በሰፈራችን የለም። በጉልበታቸው ዘመን አናጢም ነበሩ። አሁን የቀራቸው ጭቃ ማየትና ዝም ማለት ነው።

ደብሪቱ የጋሽ ሽብሩ ልጅ ናት፣ የጡብ መተኮሻው ምድጃ ሹም የጋሽ ሽብሩ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ኳስ እግሯ ሥር ከገባች ሦስት ሰው ቢከባትም አይነጥቃትም። ስትመታ ግን ኳሷ እኔ ዘንድ የምትደርሰው ደክሟት ነው። እኔ የሰፈሩ የሴቶች ቡድን በረኛ ነበርኩ፤ የደብሪቱን ኳስ በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ሻሼን አስተካክል ነበር። ይባስ ብሎ፣ ጠንክራ ለመምታት በሞከረች ቁጥር መትታ ትቀመጣለች። እውነቴን ነው፣ የቆመችበት እግር ይከዳትና ቂጧ መሬት ይመታል። "ቁጭ በይ" የሚል ስም አወጣንላት። ሳቅን እንጂ ለምን እንደምትወድቅ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ መሳቅ ይቀል ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አሰልጣኝ ወይኒቱ ከወር በኋላ ለዞኑ የሴቶች ቡድን አንዲት ተጫዋች ልትመርጥ እንደምትመጣ ተሰማ። የላከችው መልእክት አጭር ነበር። ሯጭ ሞልቶኛል፣ የምፈልገው ከአሥራ ስድስት ከሃምሳ ውጪ የሚሰማ ምት የምትመታ ናት።

ጋሽ ሽብሩ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን ጠርተው አስቀመጧት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር እንዲንጠለጠል ብቻ አይወዱም። አክስቷ ወልቂጤ ሱቅ ከፍታ ሰው እየፈለገች ነበር። ስለዚህ እንዲህ ተስማሙ። ደብሪቱ ከተመረጠች ወደ ኳሷ፣ ካልተመረጠች ታኬታዋን ሰቅላ ወደ አክስቷ፤ ሁለተኛም ስለ ኳስ ላይነሳ። እሺ ብላ ወጣች። እኔ ዘንድ መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠችና፣

"አልጣሽ፣ ከሳሙናና ከክብሪት ጋር ቆሜ ሳረጅ ይታይሻል?" አለችኝ።

"ሳሙናው ቀድሞ ያልቃል" አልኳት። ልትስቅልኝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ያኔ ነው ነገሩ የምር እንደሆነ የገባኝ።

በማግስቱ ጋሽ ዘርጋው ቤት ሄድን። ሄድን ስል የእሷ ሐሳብ ነበር፤ ግን አብሬያት ሄጃለሁና አልክድም። ጋሽ ዘርጋው የቱፋን ጉልበት ምስጢር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ይል ነበር። ምስጢሩን እንዲነግራት ስትለምነው መቀሱን አስቀምጦ ምላጩን አነሳ፣ ምላጩን አስቀምጦ መቀሱን አነሳ፤ በመጨረሻ ውሃ እንደቸገረው ተናገረ። ስምምነቱም ይህ ሆነ። ደብሪቱ አሰልጣኟ እስክትመጣ ድረስ በየጠዋቱ ሁለት ጀሪካን ውሃ ለሱቁ ልትቀዳ፣ እሱ ደግሞ ምስጢሩን ሊያወጣ።

ምስጢሩ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ያረጀ ኳስ ይፈታል፣ የውስጡ ጎማ ይወጣል፣ በምትኩ አሸዋ ይሞላል፣ ይሰፋል። ያንን በየማለዳው መቶ ጊዜ መምታት ነው። "ከባድ የለመደ እግር ቀላሉን ያበረዋል" አለ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጆሮ ገልበጥ አድርጎ ይዞ።

ለእኛ ለጡብ ሰፈር ሰዎች ይህ ነገር ልክ ነበር። እኛ ዘንድ ጥሩ ነገር ሁሉ ከባድ ነው። ጡብ ሲመረጥ እንኳ እጅ ላይ ተመዝኖ ነው፤ የቀለለ ይጣላል።

አሸዋ ግን የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው። ሸክላ ደጃችን ላይ ተከምሯል። አሸዋውን በሸክላ እንተካው ያለው ማን እንደሆነ አልናገርም። ኳሱን የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ፣ በጆንያ መርፌና በሲባጎ። ስፌቱ እስከ መጨረሻው አልተፈታም፤ ይህ ይያዝልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። ኳሱ "ዱብ" ይላል፣ አንድ ክንድ ያህል ይንፏቀቃል፣ ይቆማል። ደብሪቱ ሰላሳ ጊዜ መትታ አሥር ጊዜ ተቀመጠች። ሁለተኛው ቀን ትንሽ ጠንከር አለ፤ እኛ እግሯ የበረታ መስሎን ተደሰትን። ያን ዕለት ከመታች በኋላ ኳሱን አጥሩ ላይ አስቀምጠነው ወደ ሥራ ገባን። ፀሐዩ የጉድ ነበር።

በሦስተኛው ማለዳ ደብሪቱ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ተንደርድራ መጣች፣ መታች። የወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ በር በበትር እንደማንኳኳት ያለ ነበር። ኳሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ደብሪቱ ያለ ወትሮዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔም ስትወድቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልስቅ ቀረሁ።

የጡብ ሰፈር ልጆች ነን። ከነገለባው የቦካ ሸክላ ፀሐይ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ወላጆቻችን በዚያ ነው ያሳደጉን። ግን ቆዳ ስላለበስነው ኳስ መስሎን ነበር።

ወጌሻዋ እማማ ዳምጤ ቀኝ እግሯን ጭናቸው ላይ አድርገው በቅቤ እያሹ አጥንት ባጥንት ቆጠሩት።

"ምን መትተሽ ነው?"

"ኳስ።"

"ስንተኛ ፎቅ ያለው ኳስ?"

አልተሰበረም። ይህን ሲሉ ሁለታችንም ተነፈስን። ሦስት ሳምንት ግን በዚህ እግር ምንም ነገር እንዳትመታ፣ ኳስም ቢሆን፣ ድንጋይም ቢሆን፣ ሰው ቢሰድባትም ብለው አስጠነቀቁ። ሦስት ሳምንት ማለት ልክ አሰልጣኟ እስከምትመጣበት ቀን ማለት ነው። አንድም ልምምድ የለም።

ዋናው ጭንቅ ግን አባቷ ነበሩ። እግሯ መታመሙን ካወቁ ሜዳ እንደማያስገቧት የታወቀ ነው፤ ያኔ ስምምነቱ ይጸናል፣ ወልቂጤ መሄድ ነው። ስለዚህ ደብሪቱ ሥራ አልቀረችም። እብጠቱን በጨርቅ ጠፍራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጉድጓድ ገባች። ከቁርጭምጭሚት በላይ ጭቃ ስለሆነ እግር አይታይም። ሙሉ ክብደቷን በግራ ተረከዟ ላይ ትጥላለች፣ በቀኟ የምትረግጥ ለመምሰል ላይ ላዩን ታማስላለች። ከዚያ ግራውን ከጭቃው ነቅላ አንድ ስንዝር አሳልፋ ደግሞ ትተክላለች። ሸክላ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም፤ ሲነቀል እንደ ቡሽ ይጮኻል። ከጠዋት እስከ ቀትር በአንድ እግር ጭቃ መርገጥ ምን እንደሆነ ያልሞከረ አያውቀውም። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ጭኗ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሁለተኛው መንቀጥቀጡ ቆመ። በሦስተኛው ከጎኗ የሚረግጡት ሲያዳልጣቸው ይይዟት ጀመር።

የጋሽ ዘርጋውን ውሃስ ማን ቀዳ ካላችሁ፣ እኔ ቀዳሁ። በየጠዋቱ ጀሪካኑን ሳወርድለት "እግሯ እንዴት ናት?" ይለኛል። "ከብዳለች" እለዋለሁ። አልዋሸሁም። እሱም ለተቀማጩ ሁሉ "የኔ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት" ይል ጀመር።

አንድ ቀን አባባ ኩምሳ የደብሪቱን ጉድጓድ ሊያዩ መጡ። ግራ ተረከዟን ተክላ አነሳች። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከወትሮው ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ጭቃውን ሳይሆን እሷን አዩና "ደርሷል" ብለው ሄዱ። ሁለታችን ተያየን። ምስጢራችንን ያወቁብን መስሎን ያን ቀን ሙሉ ስንሰጋ ዋልን።

የምርጫው ዋዜማ ዘነበ። ጠዋት ሜዳው ሌላ የጭቃ ጉድጓድ ሆኖ ጠበቀን። ሰባት ልጆች ነበሩ፣ ከሦስት ሰፈር። አሰልጣኝ ወይኒቱ ጃንጥላዋን እንደ ከዘራ ተደግፋ፣ ለእያንዳንዷ ሦስት ሦስት ኳስ እንደምትሰጥ ተናገረች። በረኛዋ እኔ ነኝ፤ በከተማው ሌላ ሴት በረኛ አልነበረም።

ደብሪቱ መስመሩ ላይ ሳለች ጠጋ አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ኳስ ልለቅ አስቤ ነበር፤ ሳልነግራት ከዓይኔ አነበበችው።

"ብትለቂልኝ አላናግርሽም" አለች።

"ማን ሊለቅልሽ?"

"አልጣሽ።"

"እሺ።"

ከእሷ በፊት የመቱት ስድስቱ በጭቃው አንድ በአንድ አዳለጣቸው። ከገበያ ሰፈር የመጣችው ሀዊ፣ ረጅሟ፣ አንዱን አገባችብኝ፤ ግን እየተንከባለለ ነበር፣ ውሃ ላይ ቆሞ መልሶ የሄደ። አሰልጣኟ አፏን አጣመመች። የቀረችው ደብሪቱ ናት። ጋሽ ሽብሩ ከሰው ኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ጋሽ ዘርጋው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ከፊት ቆሟል፣ መቀሱን ደረት ኪሱ ውስጥ ሻጥ አድርጎ።

የመጀመሪያውን ሳትንደረደር ነካችው። ፈርታለች። በአንድ እጄ ያዝኩት፤ ሻሼን ግን አልነካሁም። "ቁጭ በይ" ያለ ሰው ነበር፤ ሰው ሳቀ።

ለሁለተኛው ተንደረደረች፣ ኳሷ ጋ ስትደርስ ግን እግሯን አሳጠረችው። ከአጥንቷ የሚመጣውን ሕመም እየጠበቀች ነበር። ኳሱ በጎሉ ጎን ወጣ። ደብሪቱ ግን እዚያው ቆማ ቀኝ እግሯን ወደ ላይ ወደ ታች አወዛወዘች፣ ጣቶቿን ታኬታው ውስጥ አጣጠፈች። ሕመሙ አልመጣም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን የማውቀው ወጌሻዋ "አልተሰበረም" ያሉ ቀን ነው።

ለሦስተኛው አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ስትመጣ ዓይኔ ኳሱ ላይ ነበር፤ ግን የበረኛ ዓይን ከኳስ ጎን ያለውንም ያያል። ግራ ተረከዟ ከኳሱ አጠገብ ጭቃው ውስጥ ተተከለ፣ ልክ እንደ ጉድጓዱ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ዘለልኩ፣ ቀኝ እጄ ደረሰበት፤ ሐቀኛ በረኛ ነኝ፣ ጣቴ መስክሯል። ኳሱ ጣቴን አጥፎ መረቡን ወጥሮ ወደ እኔው ተመለሰ። ጭቃው ላይ ተጋድሜ ቀና ስል ደብሪቱ ቆማ ነበር። አልተቀመጠችም። አንድ እግሯ አየር ላይ፣ አንድ እግሯ መሬት ውስጥ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ።

ከዚያ አሰልጣኝ ወይኒቱ ወረቀት አወጣችና "ስምሽ ማነው?" አለች። ስሟን ጽፋ "ሰኞ ትመጫለሽ" አለቻት፤ አለቀ። ወር ሙሉ የተጨነቅንበት ነገር ያለቀው በሁለት ቃል ነው። እኔ መረቡ ሥር ጣቴን ይዤ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ዕንባዬ መጣ፤ ጣቴ ነው ብዬ አሳበብኩ።

ሰው ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ትከሻቸው ላይ አወጧት። ቀኝ እግሯን የማይነካ አልነበረም፤ አንዱ ጭቃውን ይጠርጋል፣ አንዱ ታኬታውን ይስማል። ጋሽ ዘርጋው ቁርጭምጭሚቷን ይዞ "የቱፋ እግር ናት፣ የአሸዋው ሥራ ነው" እያለ ለአሰልጣኟ ያስረዳል። ጋሽ ሽብሩ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ደረሱ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ታኬታዋን በሁለት ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው "ይሄ ጠቧታል፤ ሌላ ይፈለግላት" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ደብሪቱ ከላይ ሆና ፊቷን በማልያዋ ሸፈነች።

ወደ በረኛዋ የመጣ ማንም የለም። አባባ ኩምሳ ብቻ ከሰዉ ተቃራኒ ቀስ እያሉ መጥተው፣ ምቱ በተመታበት ቦታ ላይ ቆሙ። በከዘራቸው ጠሩኝ። ጣቴን አቅፌ ሄድኩ። ዘርጋው እዚያ ስለ አግዳሚው ለአሰልጣኟ ሲያወራ ይሰማል፤ ቋ ብሎ ለሁለት።

"ያን አግዳሚ ያቆምኩት እኔ ነኝ" አሉ።

"የቱፋን?"

"የባሕር ዛፍ ነበር። ምስጥ ውስጡን ጨርሶት የቀረው ቅርፊቱ ነው። በማግስቱ ላወርደው ነበር፤ ቱፋ ቀደመኝ። ያን ቀን ወፍ ብታርፍበትም ይሰበር ነበር።"

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ስንት ጀሪካን ተቀዳ፣ ሸክላ ተሞላ፣ እግር አበጠ። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"ዘርጋው ሲያወራ ሰው ይስቃል፣ ለምን ላበላሽበት? ደግሞ ማን ጠየቀኝ?"

ልጮህ አሰብኩና ተውኩት። ተመርጣለች፤ ከእንግዲህ ቱፋ አግዳሚ ሰበረ አልሰበረ ለማን ይጠቅማል? አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። "እሺ፣ የቱፋም ውሸት ከሆነ፣ አሸዋውም ውሸት ከሆነ፣ ይሄ ጉልበት ከየት መጣ?" አልኳቸው።

አባባ ኩምሳ መልስ ከመስጠት ይልቅ ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ጭቃው ላይ የደብሪቱ ግራ ተረከዝ አሻራ ነበር፤ አንድ መዳፍ ጠልቋል፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የተናደ የለም፣ የተሰነጠቀ የለም። "ደርሷል" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ ሰዉ ተጋፍቶ ቀኝ እግሯን ወደሚያሻሽበት፣ ግራዋ ግን ከነጭቃዋ ወደተንጠለጠለችበት አቅጣጫ ተመለከቱና እንዲህ አሉኝ፦ "ጭብጨባው ለመታችው፣ ጉልበቱ ከቆመችው።"